ለደኑና ለምንጩ ማን ይሟገት?



አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሌሊት ሌባ ገብቶ በሬያችሁን ነድቶ ቢሄድ ምን ታደርጋላችሁ? ተኝታችሁ ታድራላችሁን? አታድሩም። እሪ ትላላችሁ፤ ጎረቤት ይወጣል፤ ዱካ ትከተላላችሁ። ሌባው ከታወቀም ዳኛ ፊት ታቆሙታላችሁ። ጎረቤታችሁ ድንበር ገፍቶ አንድ ትልም ቢያርስባችሁስ? ዝም አትሉም። ለአንዲት ትልም ሦስት ዓመት ሙሉ የተሟገተ ሰው በየቀበሌው አይጠፋም።

እንግዲህ ሌላውን ጥያቄ ላስከትል። ከቀበሌው በላይ ያለው ደን ሲቆረጥ፣ ከሥሩ የሚወጣው ምንጭ ሲቀጥን፣ ማን እሪ ይላል? ማን ዱካ ይከተላል? ማን ዳኛ ፊት ይቆማል? አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይቆምም። «ምን ገዶኝ፣ የመንግሥት ደን ነው» ይባላል። «የሁሉም ነው» ይባላል። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል። ሌባም የሚወደው ይህንኑ ነው።

በእኔ አስተያየት ይህ አስተሳሰብ መለወጥ አለበት። የሁሉም የሆነ ደን ሁሉም ሊሟገትለት የሚገባ ደን ነው። መሟገት ሲባል ግን በመጥረቢያና በዱላ መፋጠጥ ማለት አይደለም። ማመልከቻ ጽፎ፣ ማስረጃ ይዞ፣ በሕግ ፊት መቆም ማለት ነው። ይህን ደግሞ ማንበብና መጻፍ የቻለ ገበሬ ራሱ ሊያደርገው ይችላል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩ፣ ፊደል ለማስተማር የዘመትኩ የሃያ ዓመት ወጣት ነኝ። የሕግ ትምህርት አልተማርኩም። የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትንና ያነበብኩትን ብቻ ነው።

ተፋሰስ ማለት ምን ማለት ነው?

አስቀድመን አንድ ቃል እንወቅ። «ተፋሰስ» የሚለውን ቃል ከባለሙያዎች አፍ ሰምታችሁ ይሆናል። ተፋሰስ ማለት ዝናቡ ወደ አንድ ወንዝ ወይም ወደ አንድ ጅረት የሚሰበሰብ መሬት ሁሉ ነው። ከዚህኛው ጋራ ጫፍ እስከዚያኛው ጋራ ጫፍ፣ ውሃው ቁልቁል ወርዶ የሚገናኝበት መሬት አንድ ተፋሰስ ይባላል። ስለዚህ ላይኛው መንደርና ታችኛው መንደር ባይተዋወቁ እንኳ በውሃ የተሳሰሩ ናቸው።

ገበሬ የዝናብን ጠባይ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። በደን ላይ የወረደ ዝናብ ቅጠሉ ያበርደዋል። ከዛፉ ሥር ያለው የረገፈ ቅጠል እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ውሃው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ በበጋም በምንጭ በኩል ይወጣል። ደኑ ሲመነጠር ግን ያው ዝናብ መሬቱን ይመታዋል። አፈሩን ጠርጎ ቁልቁል ይሮጣል። ክረምት ጎርፍ ይሆናል፤ በጋ ምንጩ ይደርቃል። ላዩ የተቆረጠ ዛፍ ታች የተቦረቦረ ማሳ ሆኖ ይታያል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ተረት በየቤታችን የሚደርሰው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ደኑ የሌላ ነው ብሎ ዝም ያለ ገበሬ የራሱ ማሳና የራሱ ማሰሮ ሲወሰድ ዝም ያለ ገበሬ ነው።

ወረቀቱ ምን ይላል?

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። በበጋው የትምህርት ዙር የተመደብኩባት ቀበሌ ደጋ ናት። ከመንደሩ በላይ የጥድና የወይራ ደን አለ። ከደኑ ሥር ሦስት ጎጥ የሚጠጣው ምንጭ ይወጣል።

ጥር ወር ላይ አንድ ነጋዴ መጋዝ የያዙ ሠራተኞች ይዞ መጣ። የቆመ ወይራ ይጥሉ ጀመር። ሰው ሲጠይቀው ከኪሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥቶ ያሳያል። «ፈቃድ አለኝ» ይላል። ማኅተሙን ያየ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ወረቀቱን ግን ማንም አላነበበውም።

አንድ ቀን ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አባት፣ «እስቲ ልየው» አሉት። ነጋዴው ሳቀና ሰጣቸው። እሳቸውም ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ፣ አንዱን ቃል ከሌላው እያያያዙ፣ ቀስ ብለው አነበቡ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያም ቀና ብለው «ልጄ፣ ይህ እኮ ወድቆ የደረቀ ግንድ አንሣ ነው የሚለው። የቆመ ዛፍ ቁረጥ አይልም። ቀኑም ኅዳር ላይ አልቋል» አሉት።

ያ ነጋዴ ያን ወረቀት ይዞ ስንት ቀን ሲቆርጥ ከረመ! ያስፈራራን ወረቀቱ አልነበረም፤ አለማንበባችን ነበር።

ወጣቶቹ ወዲያው ዱላ አነሡ። ሽማግሌዎች ግን መሐል ገብተው «በሕግ አምላክ!» አሉ። ዱላውም ወረደ። ይህ ቃል በአገራችን የተጣላን ሰው ሲያቆም የኖረ ቃል ነው። አባቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽ በኩታ ተቆራኝተው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ሙግት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነብን ለጋራ ነገር መሟገት ነው።

የኔ ስሕተትና የጠመኔው ሥራ

ማመልከቻውን ጻፍ ተባልኩ። እኔም ደስ ብሎኝ ሦስት ገጽ ሞላሁ። «የተፈጥሮ ሀብት መራቆት»፣ «የሥነ ምህዳር መዛባት» እያልኩ የማውቀውን ትልልቅ ቃል ሁሉ ደረደርኩ። ለአካባቢ ጥበቃ ኃላፊ ወደሆነው መሥሪያ ቤት ይዘን ሄድን። የተቀበሉን ሰው አንብበው ሲጨርሱ «ቦታው የት ነው? ስንት ዛፍ ተቆረጠ? ከመቼ እስከ መቼ? ያየ ሰው አለ? ምን እንዲደረግላችሁ ትፈልጋላችሁ?» አሉን። በሦስቱ ገጽ ውስጥ ለአንዱም መልስ አልነበረም። አፈርኩ። መንገዱን ሁሉ ሳልናገር ተመለስኩ።

በማግስቱ ሁላችን ወደ ደኑ ወጣን። የማስተማሪያ ጠመኔ ይዘን በየጉቶው ላይ ቁጥር ጻፍን። ቁጥር የተማሩት ሁሉ ተራ በተራ ጻፉ። 87 ጉቶ ሆነ። ነገር ግን ከ87ቱ 19ኙ ጠቁረው አርጅተዋል፤ ነጋዴው ሳይመጣ የተቆረጡ ናቸው። የማን እጅ እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። ገሚሱ ለቤት ሠርቷል፤ ገሚሱ ከሰል አክስሎ ሸጧል።

በዚህ ጊዜ ስብሰባው ተረበሸ። «እነዚህን አትጻፉ፤ ራሳችንን ነው የምንከሰው» ያሉ ነበሩ። ወረቀቱን ያነበቡት አባት ግን «ዳኛው አግኝቶ ከሚያሳፍረን እኛው እንናገረው» አሉ። ክርክሩ እስኪመሽ ቀጠለ። በመጨረሻ ሁለቱም ቁጥር ተጻፈ፤ 68 አዲስ፣ 19 አሮጌ። የማኅበሩም አባላት የቆመ ዛፍ የቆረጠ ሰው ምን እንደሚቀጣ ደንብ አውጥተው ፈረሙበት። አውራ ጣት ያተመ ጥቂት ነበር፤ ብዙው ስሙን ጻፈ።

ምስክር ሲፈለግ ወንዶቹ ስለ ድንበር ይከራከሩ ጀመር። ጠቃሚውን ነገር የተናገሩት ግን አንዲት እናት ናቸው። «አምና በዚህ ወር ማሰሮዬን አስጠግቼ ወዲያው ይሞላልኝ ነበር። ዘንድሮ በቅል እየጨለፍኩ ነው የምሞላው። ከኋላዬ የተሰለፈችው ሴት ይመሽባታል» አሉ። ይህ ቃል እንዳለ ተጻፈ። ውሃ የሚቀዳ ሰው ስለ ምንጭ ከማንም ይበልጥ ያውቃልና።

አዲሱ ማመልከቻ አንድ ገጽ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ተቀበለው፤ በቅጂው ላይ ቀንና ቁጥር ጽፎ ማኅተም መታበት። 30 ቀን ጠበቅን። መልስ አልመጣም። መጋቢት ላይ ማኅበሩ ክስ መሠረተ። ፍርድ ቤቱም ነገሩ እስኪጣራ እንዳይቆረጥ እግድ ሰጠ። «እግድ» ማለት ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ነገሩ ባለበት ይቁም የሚል የዳኛ ትእዛዝ ነው። መጋዙ ቆመ። ክርክሩ ግን ገና አላለቀም፤ በቀጠሮ ላይ ነው። አሸነፍን ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ዛፎቹ እስከዛሬ ቆመዋል። የቆመ ዛፍ ቀጠሮ ሊጠብቅ ይችላል፤ የወደቀ ግን አይችልም። እግድ ቶሎ መጠየቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

በሌላ አገር የተደረገ

ይህ ነገር የአንድ ቀበሌ ነገር ብቻ አይደለም። ከእስያ የሁለት አገር ታሪክ ላምጣላችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፊሊፒንስ የምትባል በባሕር የተከበበች የብዙ ደሴቶች አገር አለች። በ1990 አንቶኒዮ ኦፖሳ የሚባል ጠበቃ አርባ ያህል ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር አስተባብሮ መንግሥትን ከሰሰ። ልጆቹ የጠየቁት የደን መቁረጫ ፈቃዶች ይሰረዙ፣ አዲስም አይሰጥ ብለው ነው።

በክሳቸው ላይ ያቀረቡትን ቁጥር ልብ ብላችሁ አንብቡ። አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ያህል ነው። ከ25 ዓመት በፊት አገሪቱ 16 ሚሊዮን ሄክታር ደን ነበራት፤ ከመቶው የአገሪቱ መሬት 53 እጁ ማለት ነው። በ1987 የቀረው 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ነበር፤ ከመቶው 4 እጅ ብቻ። ኋላም በተደረገ ጥናት ያልተነካው ድንግል ደን ወደ 850 ሺህ ሄክታር ወርዶ ተገኘ። የተሰጠው የመቁረጫ ፈቃድ ግን 3.89 ሚሊዮን ሄክታር ነበር! ፈቃዱ ከቀረው ድንግል ደን አራት እጥፍ ተኩል በለጠ ማለት ነው። ታዲያ ልጆቹ ሲያድጉ ምን ይቀራቸዋል?

የታችኛው ፍርድ ቤት በ1991 ክሱን ዘጋው። ልጆቹ ተስፋ አልቆረጡም። ነገሩ ከፍተኛ ሥልጣን ላለው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ሐምሌ 1993 ላይ ክሱ ሊሰማ ይገባል ብሎ ወሰነ። ልጆቹ ስለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ገና ስላልተወለዱትም ትውልዶች ሊከሱ ይችላሉ አለ። ይህ ፍርድ በዓለም የታወቀ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። መዝገቡ ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ተመለሰ፤ በዚያም ክርክሩ ተገፍቶ አልተቀጠለም። በዚያ ፍርድ ብቻ የተሰረዘ ፈቃድ የለም። ስመ ጥር ፍርድ ተገኘ፤ ዛፉን ለማዳን ግን ገና ሌላ ሥራ ይቀር ነበር።

ያው ጠበቃ ከዚህ ትምህርት ያገኘ ይመስለኛል። በ1999 የማኒላ ባሕር ሰላጤ ተበከለ ብለው ነዋሪዎች ሲከሱ እሱ አብሯቸው ነበር። በታኅሣሥ 2008 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰላጤውን እንዲያጸዱ አዘዘ። በማዘዝ ብቻ አልተወም፤ በየሦስት ወሩ የሠሩትን እየጻፉ እንዲያቀርቡ ግዴታ ጣለባቸው። ማረም ያልታከለበት እርሻ እህል እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ክትትል የሌለው ፍርድም ፍሬ አይሰጥም።

ሁለተኛው ታሪክ የሕንድ ነው። በ1995 አንድ ሰው በደቡብ ሕንድ በኒልጊሪ ተራራዎች ደን እየተጨፈጨፈ ነው ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 1996 ላይ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ በመሬት ላይ ደን የሆነ ሁሉ ደን ነው ብሎ አዘዘ። ያለ ማዕከላዊ መንግሥት ፈቃድ ደኑ ለሌላ ሥራ እንዳይውል ከለከለ። ትእዛዙ በመላው አገር ብዙ መጋዝ አስቆመ።

ነገር ግን ሌላ ጉዳት መጣ። በ2002 ባለሥልጣኖች ደን እናስከብር ብለው ለብዙ ዘመን በደን ውስጥ የኖሩ ድሆችን ያፈናቅሉ ጀመር። ስለ ደኑ ሲከራከር እነሱን የጠየቃቸው አልነበረም። ሕዝቡ ብዙ ከጮኸ በኋላ በ2006 የደን ነዋሪዎችን መብት የሚያውቅ ሕግ ወጣ።

የዚህ ሕግ ጥቅም በኒያምጊሪ ታየ። ኒያምጊሪ በምሥራቅ ሕንድ ያለ፣ ጅረቶች የሚነሡበት፣ ዶንግሪያ ኮንድ የሚባሉ ሰዎች የሚኖሩበት ኮረብታ ነው። አሉሚኒየም የሚወጣበት ማዕድን ስለተገኘበት ሊቆፈር ታሰበ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሚያዝያ 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንደሮቹ ስብሰባዎች ይወስኑ አለ። ነገሩ ለ12 መንደሮች ቀረበ። በየመንደሩ ሕዝቡ ተሰብስቦ ተናገረ። 12ቱም አንድ ቃል ሆነው «አይቆፈርም» አሉ። በ2014 የሕንድ መንግሥት ፈቃዱን ከለከለ።

አባቶቼ፣ ይህን ልብ በሉ። ደን ይጠበቅ ማለት ገበሬ ይባረር ማለት አይደለም። ገበሬው በክርክሩ ውስጥ ካልገባ ግን በስሙ ሌላው ይናገርበታል። ውሳኔው ሲመጣም ከቤቱ ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ ለደኑ መሟገት ለራስም መብት መሟገት ነው።

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እዚህ ያሉት ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊያልቅ የሚገባውን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። አንድ ማኅበርም የአባላቱን የጋራ ጥቅም ወክሎ ሊቀርብ ይችላል። በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ መሆኑን ይናገራል።

በ1995 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ትልቅ በር ከፈተ። አካባቢ ተጎዳ ወይም ሊጎዳ ነው ብሎ ለማመልከት የራስ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት አያስፈልግም አለ። ማንም ሰው ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል አለ። በ2010 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ የማኅበረሰብ ደንና የማኅበር ደን ብሎ አወቀ። ስለዚህ ደን ሁሉ የመንግሥት ብቻ ነው የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። ሕግ እየተሻሻለ ስለሚሄድ ስታመለክቱ በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ ያለውን አዋጅና ቀነ ገደቡን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

«ሙግት ያደኸያል»

ይህን ስናገር የሚመጣውን መልስ አውቃለሁ። በዚያች ቀበሌ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁና።

አንዳንዱ «ሙግት ያደኸያል፤ በሬ አሽጦ ባዶ እጅ ያስቀራል» ይላል። እውነት ነው፤ ብቻውን የሚሟገት ሰው ይደኸያል። ለዚህ ነው በማኅበር ይሁን የምለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በዚያች ቀበሌ ለቀጠሮ የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሰዎች በተራ ነበሩ። የሄደውን ሰው እርሻ የቀረው ያርስለታል። ስንቁንም ሌላው ያዘጋጅለታል። ይህ ከደቦና ከወንፈል ምን ይለየዋል?

ሌላው «ዳኛው ከሀብታሙ ጋር ቢወግንስ?» ይላል። ይህም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በጽሑፍ የቀረበ፣ ቁጥር የተሰጠው፣ ማኅተም ያለበት ነገር እንደ ቃል በቀላሉ አይካድም። አንዱ ዳኛ ቢያጠፋ ይግባኝ አለ። «ይግባኝ» ማለት ከበላይ ፍርድ ቤት ነገሩ እንደገና ይታይልኝ ማለት ነው። የፊሊፒንስ ልጆች በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተሸንፈው እንደነበር አትርሱ።

ሌላው ደግሞ ዝም ይላል። ዝም ያለው ራሱ ስለሚቆርጥ ነው። ለዚህ ሰው የምለው አለኝ። ለማገዶና ለሞፈር የተቸገረ ገበሬ ሁሉ ጠላት አይደለም። ግን ሌላውን ለመክሰስ የሚነሣ ማኅበር በመጀመሪያ የራሱን መጥረቢያ ሊቆጥር ይገባል። ምን ያህል እንውሰድ፣ ከየት እንውሰድ፣ በምን እንተካ ብሎ ደንብ ያላወጣ ማኅበር ዳኛ ፊት ሲቆም አፉ ይያዛል።

እንዴት እንጀምር?

አንደኛ፣ ወረቀቱን አንብቡ። ፈቃድ አለኝ ያለውን ሁሉ አሳየን በሉት። ማኅተሙን አይታችሁ አትመለሱ። ምን፣ የት፣ እስከ መቼ እንደሚል አንብቡ።

ሁለተኛ፣ ሄዳችሁ ቁጠሩ። የጉቶውን ቁጥር፣ የቦታውን ስም፣ ቀኑን በደብተር ጻፉ። ምንጩ ማሰሮ ለመሙላት የሚወስደውን ጊዜ በየወሩ መዝግቡ። ውሃ የሚቀዱትን እናቶችና ልጃገረዶች ቃል ጻፉ።

ሦስተኛ፣ ማመልከቻው አጭር ይሁን። እኛ ማን ነን? ማን አጠፋ? የት? መቼ? ምን አጠፋ? ምን እንዲደረግ እንጠይቃለን? ለእነዚህ ከመለሰ ይበቃል። እንደ እኔ ሦስት ገጽ አትሙሉ።

አራተኛ፣ ሁልጊዜ ሁለት ቅጂ አድርጉ። አንዱን ስጡ፤ በሌላው ላይ የተቀበለበትን ቀንና ቁጥር አስጽፋችሁ፣ ማኅተም አስመትታችሁ በማኅበሩ ሣጥን አስቀምጡ።

አምስተኛ፣ ቀን ቁጠሩ። ቀነ ገደብ ያለፈበት እውነት ከበር ይመለሳል። ዛፉ እየወደቀ ከሆነ ደግሞ እግድ ጠይቁ።

ስድስተኛ፣ ፍርድ ስታገኙ አትበተኑ። ማን ምን እንዲያደርግ እንደታዘዘ ጽፋችሁ በየስብሰባው ተጠያየቁ። ካልተፈጸመ ተመልሳችሁ ሂዱ።

የተከበራችሁ አንባቢያን፤

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ፊደል የቆጠርነው የራሳችንን ስም ለመጻፍ ብቻ አይደለም። ደን አፍ የለውም። ምንጭም ማመልከቻ አይጽፍም። ገና ያልተወለደው የልጅ ልጃችሁም ዛሬ ዳኛ ፊት ሊቆም አይችልም። ስለነዚህ ሁሉ ሊጽፍ የሚችለው አሁን ይህን ጋዜጣ የያዘው እጅ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በመጪው የማኅበሩ ስብሰባ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችለው አንብቡለት። ከዚያ በኋላ ከቀበሌያችሁ ደን የሚቆርጠው ማን ነው፣ በየትኛው ወረቀት ነው፣ ወረቀቱስ ምን ይላል ብላችሁ ተጠያየቁ። መልሱን የሚያውቅ ከጠፋ፣ ሁለት ሰው መርጣችሁ በማግስቱ ወረቀቱን ሊጠይቁ ላኩ። ሥራው ከዚያ ይጀምራል።